የጄፍሪ ሃው የስንብት ንግግር

ዛሬ ከሥራ መልስ፣ ሰር ጄፍሪ ሃው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1990 ከካቢኔ ከለቀቁ በኋላ በብሪታንያ ፓርላማ ያሰሙትን የስንብት ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመለከትሁ። በ1926 በዌልሷ ፖርት ታልቦት የተወለዱት ሃው፣ በካምብሪጅ ሕግ አጥንተው በ1952 ጥብቅና የጀመሩ ሲሆን፣ በትውልድ አካባቢያቸው በአበራቮን ሁለት ጊዜ ተወዳድረው ከተሸነፉ በኋላ በ1964 በእንግሊዟ ቤቢንግተን አሸንፈው ምክር ቤት ገቡ። በጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ዘመን የገንዘብ፣ ቀጥሎም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ ሆንግ ኮንግ ከብሪታንያ ወደ ቻይና የምትተላለፍበትን ርክክብ የወሰነው የ1984ቱ ስምምነት የተደረሰውም በእሳቸው ጊዜ ነው።

ሰውየው በለስላሳነታቸው ይታሙ ነበር። ተቀናቃኛቸው ዴኒስ ሂሊ በ1978 የሃውን ትችት በሞተ በግ ከመነከስ ጋር አመሳስለው አላግጠውባቸዋል። በዚያ ቀን ግን ድምፃቸውን አንድም ጊዜ ከፍ ሳያደርጉ፣ ልክ ፍርድ ቤት እንደቆመ ጠበቃ ነጥብ በነጥብ እየደረደሩ፣ ታቸር በአውሮፓ ጉዳይ የገዛ ሚኒስትሮቻቸውን እንዴት እንዳዳከሙ አስረዱ። ተጫዋቾቹ ሜዳ ከመግባታቸው በፊት የክሪኬት ዱላቸውን የቡድኑ አምበል ሰብራ እንደጠበቀቻቸው ሲናገሩ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ታቸር ፊታቸውን አጠንክረው ያዳምጣሉ። በማግስቱ የቀድሞው ሚኒስትር ማይክል ሄዝልታይን ለታቸር ወግ አጥባቂ ፓርቲ መሪነት እንደሚወዳደሩ አስታወቁ፤ ኖቬምበር 22 ታቸር ሥልጣን እንደሚለቁ ተናገሩ።

ንግግሩን ባደንቅም አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ከ1979ኙ የመጀመሪያ ካቢኔ ከታቸር በቀር እስከዚያ ድረስ የቀሩት ሃው ብቻ ነበሩና፣ ይህን ያህል ዓመት ምን አስታገሣቸው?