ቶዮታ ጂአር86ን በኮሎራዶ በረዶ ላይ መንዳት

የኋላ ጎማ የሚገፋት መኪና በረዶ ላይ የምትሸሸው ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ አይደለም። ነዳጅ በድንገት ሲለቀቅም ትሸሻለች፤ ማርሽ ወደ ታች ሲቀነስም እንዲሁ። ብዙ ሰው የሚፈራው የመጀመሪያውን ብቻ ስለሆነ ሜዳ ላይ በጥንቃቄ ሲሄድ ቆይቶ ቁልቁለት ላይ ይዞራል። ይህ ጽሑፍ ባለ ስድስት ማርሽ ቶዮታ ጂአር86ን በዴንቨርና በአውሮራ፣ አንዳንዴም በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ተራራው በበረዶ ወቅት የምነዳበት አሠራር ነው። ሱባሩ ቢአርዜድ መንትያዋ ስለሆነች ሁሉም እንዳለ ይሠራላታል። ማዝዳ ሚያታ ወይም ፎርድ ማስታንግ ለያዛችሁ የጎማው ቁጥርና የማጥበቂያው ልክ ይለያል እንጂ መሠረቱ አንድ ነው።

ከሁሉ በፊት ጎማ። ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ያላት ጂአር86 ከፋብሪካ የምትወጣው 215/40 የበጋ ጎማ አድርጋ ነው። የበጋ ጎማ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እየጠነከረ መንገዱን መያዝ ያቆማል፤ በኃይለኛ ውርጭ ደግሞ ሊሰነጠቅም ይችላል። ስለዚህ የምጠብቀው በረዶውን ሳይሆን ቅዝቃዜውን ነው። ሌሊቱ በተከታታይ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ በዴንቨር ጥቅምት አካባቢ ማለት ነው፣ እቀይራለሁ።

ለበረዶ ወቅት የተለየ ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ላይ 215/45 የበረዶ ጎማ አስገጥሜያለሁ። የውጪው ዲያሜትር ከባለ 18ቱ ጋር በ4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚለያይ የፍጥነት ቆጣሪው አይዛባም። የጎማው ጎን ግን ከ86 ወደ 97 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ በረዶ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቸርኬውን የሚያድነው ይህ ተጨማሪ ላስቲክ ነው። ጎማው ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ምልክት መኖሩን እዩ። “ኤም ፕላስ ኤስ” (ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የሚለው ብቻውን የጎማውን ጥርስ ቅርጽ እንጂ የላስቲኩን ልስላሴ አይነግራችሁም። ቸርኬ ስትገዙ አምስት ቀዳዳ በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ፣ የመሃል ቀዳዳው ደግሞ 56.1 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የመሃል ቀዳዳው ከሰፋ በቀለበት መሞላት አለበት፤ አለዚያ መሪው ይንቀጠቀጣል። አራቱም ይቀየሩ። “የሚገፋው ኋላ ስለሆነ ኋላውን ብቻ” የሚለው ምክር አደገኛ ነው፤ መኪናዋ ትነሳላችኋለች፣ መታጠፍና መቆም ግን ትከለክላችኋለች።

ሲገጠም ቸርኬው የሚያርፍበትን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አጸዳለሁ፤ ዳዶዎቹን በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቅሁ በ120 ኒውተን ሜትር አጠብቃለሁ። ከ50 ማይል ገደማ በኋላ ደግሜ አያቸዋለሁ። ንፋስ የሚለካው ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር ጎማው 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ያጣል። ዴንቨር ከሰዓት 50 ዲግሪ ፋራናይት ሆኖ ሲነጋ 10 ሊያድር ይችላል፤ ይህም 4 ፒኤስአይ ነው።

የኮሎራዶ ሕግ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በአይ-70 ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ ላይ ለወቅቱ የሚሆን ጎማ ከ3/16 ኢንች ያላነሰ ጥልቀት ያለው ጥርስ እንዲኖረው ይጠይቃል። እኔ ይህንን ቁጥር የጎማው የመጨረሻ ዕድሜ አድርጌ እወስደዋለሁ። የጎማ ሰንሰለት የግድ በሚሆንበት ቀን ደግሞ በጎማውና በሳስፔንሽኑ መካከል ቦታ ስለሌለ ጎማ ላይ የሚጠለቅ የጨርቅ ካልሲ እይዛለሁ። የሚጠለቀው ኋላ ነው፤ በሰዓት ከ30 ማይል በላይ አይነዳም፣ ደረቅ አስፋልት ላይም ቶሎ ያልቃል።

ፖርቶ ባጋሊዮ ውስጥ አሸዋ መጫን ለፒክአፕ ጥሩ ነው። ጂአር86 ግን 53 በመቶው ክብደት ፊት፣ 47 በመቶው ኋላ ስላላት ያን ያህል አይጠቅማትም። ጭራዋ ላይ የተቆለለ ክብደት መዞር ስትጀምር ለማስቆም ያስቸግራል። አንድ ትንሽ ከረጢት አሸዋና አካፋ ግን አይለየኝም፤ አሸዋው የሚጠቅመው ጎማ ስር ሲበተን ነው።

አነሳስ፦ ጎማዎቹን ቀጥ አድርጌ ሁለተኛ ማርሽ አስገባለሁ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ እለቃለሁ፣ ነዳጅ እንደነገሩ። ኦቶማቲክ ያላችሁ “ስኖው” የሚለውን ምረጡ። የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ሁሌም ይብራ። አንድ ቦታ ብቻ አጠፋዋለሁ፦ በረዶ ውስጥ ስቀረቀር፣ ምክንያቱም ጎማው በዞረ ቁጥር ሞተሩን እያነቀ መውጫ ያሳጣል። እንደወጣሁ እመልሰዋለሁ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ፍሬን አራቱንም ጎማ ይይዛል፤ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም አለው። የሞተር ፍሬን (ነዳጅ ሲለቀቅ ወይም ማርሽ ሲቀነስ ሞተሩ መኪናዋን የሚያዘገይበት ኃይል) ግን በዚህች መኪና ላይ የኋላ ሁለቱን ብቻ ነው የሚይዘው። ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ወርዶ ፍሪሲዮኑን ፈጥኖ መልቀቅ፣ በረዶ ላይ የእጅ ፍሬን ከመሳብ አይለይም። ስለዚህ ማርሹን የምመርጠው ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ። መሃል ላይ መቀነስ ግድ ከሆነ በነዳጅ የሞተሩን ዙር አስተካክዬ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ እለቃለሁ። ፍጥነቱን የምይዘው በፍሬን ነው፤ በለስላሳው፣ ከኩርባው በፊት። ኩርባ ውስጥ ነዳጅ በድንገት ከለቀቃችሁ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ይቀልና ይሸሻል። የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፈረንሻልም መታወቅ አለበት፦ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አብሮ ስለሚያዞር ለመነሳት ይረዳል፤ ወደ ጎን ባዘነበለ መንገድ ላይ ግን ሁለቱም አብረው ሲዞሩ ጭራዋ ወደ ዝቅተኛው ጠርዝ ትንሸራተታለች።

ጭራዋ ከሸሸች መሄድ ወደምትፈልጉበት እያያችሁ መሪውን ወደሸሸችበት አዙሩ። ነዳጁን አቅልሉ እንጂ አትንቀሉ። መንስኤው የሞተር ፍሬን ከሆነ ፍሪሲዮኑን ርገጡ፤ የኋላ ጎማዎች ወዲያው ነጻ ይሆናሉ። ከባዱ ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው፦ መንገዱን መልሳ ስትይዝ መሪው በፍጥነት ካልተመለሰ በሌላ ጎን፣ ከመጀመሪያው በባሰ ኃይል ትወረወራለች። ከድጡ ወደ ማጡ የሚሆነው እዚህ ነው። ይህንን እጅ የሚማረው በልምምድ ስለሆነ ባለቤቱ በፈቀደ ባዶ ሜዳ ላይ በሰዓት በ15 ማይል ተለማመዱት።

ርቀትን በተመለከተ፣ በሰዓት 30 ማይል ላይ ፍሬን ከተያዘበት ቅጽበት ጀምሮ መኪና ለመቆም በደረቅ አስፋልት 12 ሜትር ገደማ፣ በተጠቀጠቀ በረዶ 37፣ በግግር ላይ ደግሞ ከ90 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ግግሩ ከሁሉ በፊት የሚይዘው ድልድዮችን ነው፤ ከሥራቸውም አየር ስለሚነፍስባቸው።

የጂአር86 በር ፍሬም የለውም፤ እጀታው ሲሳብ መስታወቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ላስቲኩን ይለቃል። መስታወቱ ከውርጭ የተነሳ ላስቲኩ ላይ ከተጣበቀ ዝቅ አይልም፤ በሩን በጉልበት መሳብ መስታወቱን ወይም የመስታወቱን ሞተር ይጎዳል። ላስቲኮቹን አስቀድሜ ሲሊኮን እቀባቸዋለሁ። መንገድ ላይ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ ከሥር ያለውን ብረት ስለሚበላ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ቀን ከሥሯ አጥባታለሁ። ከሥሯ እስከ መሬት ያለው 13 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በረዶው ከዚያ ካለፈ ሆዷ ላይ ትቀመጣለች፣ የትኛውም ጎማ አያወጣትም። እንዲህ ባለ ቀን በረዶ ጠራጊው መኪና እስኪያልፍ ቆማ ትቆያለች። ተቀርቅራችሁ ሞተር ለሙቀት ከማስነሳታችሁ በፊት የማርሚታውን ጫፍ በአካፋ አጽዱ፤ ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል።