የደሴ ጃም እና የቤዝ ድርሻ

በደሴ ሙዚቀኞች ያለ ቀጠሮ ዝግጅት ተሰባስበው የሚጫወቱበትን፣ እኛ በአጭሩ ጃም የምንለውን ምሽት የሚፈልግ ቤዝ ጊታር ተጫዋች አስቀድሞ መወዳጀት ያለበት ከኪቦርድ ተጫዋቾች ጋር መሆኑን በዚህ ዓመት በደንብ ተረድቻለሁ። በሆቴል አዳራሽም ሆነ በሠርግ ድንኳን ውስጥ ዘፋኙም፣ መሲንቆ መቺውም፣ የድምፅ መሣሪያ አከራዩም የሚገናኙት በኪቦርድ ተጫዋቹ በኩል ነው። የት ቤት፣ በየትኛው ምሽት፣ ማን እንደሚመጣ ከእርሱ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ስለሚበዛ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ በዐቢይ ጾምና በረመዳን ደግሞ ምሽቶቹ ይቀዘቅዛሉ። ስለዚህ እነዚያን ወራት ለቤት ውስጥ ልምምድ መድቤ፣ በቀሪዎቹ ጊዜያት ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለውን ወሬ በስልክ እከታተላለሁ።

ከኪቦርድ ተጫዋቹ ጋር መወዳጀት ሌላም ምክንያት አለው። ድራም ያለው ሙሉ ባንድ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ኪቦርዱ ምቱንም፣ ኮርዱንም (አብረው የሚመቱትን ድምፆች)፣ ቤዙንም ተሸክሞ ኖሯል፤ እኔ ስገባ የምወስደው የእርሱን የግራ እጅ ሥራ ነው። ይህንን ከመጀመራችን በፊት በግልጽና በአክብሮት መነጋገር እንደሚገባ አምናለሁ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ክፍት ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ በዚያ አካባቢ ሁለት መሣሪያዎች አብረው ሲያጉረመርሙ፣ በተለይ ወለሉና ግድግዳው ሴራሚክ በሆነ አዳራሽ ውስጥ፣ አንዱም ተለይቶ አይሰማም። ስለዚህ «ግራ እጅህን ወደ ላይ አውጣልኝ፤ የምቱንም ቤዝ አጥፋልኝ» ብዬ እጠይቃለሁ። በኪቦርዱ ውስጥ ከተቀዳው ምት ላይ ቤዙን ብቻ ለይቶ ማጥፋት ይቻላልና እስካሁን እምቢ ያለኝ ሰው የለም።

ዋናው ዝግጅት ግን የቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚመሠረትባቸው የአምስቱ ድምፆች ነው። ከአራቱ ቅኝቶች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ) ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ከዚሁ ከወሎ ቦታዎች ጋር ይጋራሉ፤ በዚህ አገር የሚጫወት ሰው ቅኝት ሲሳሳት አድማጩ ወዲያው ያውቅበታል። ለረጅም ጊዜ ያብሰለሰለኝ ነገር የትዝታ ማይነርና የአምባሰል ዝምድና ነው። ከኤፍ ድምፅ የሚነሳ ትዝታ ማይነር ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት (ከኤ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው)፣ ሲ እና ዲ ፍላት ነው። ከሲ የሚነሳ አምባሰል ደግሞ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ነው። አምስቱ ድምፆች ያው ናቸው፤ የሚለየው ዜማው ተነሥቶ የሚያርፍበት ድምፅ ብቻ ነው። ዘፋኟ በሁለቱም መካከል ልትንሸራሸር ትችላለች፤ ከሥር ያለው ቤዝ ኤፍን ከያዘ ግን አድማጩ ትዝታ ይሰማል፣ ሲን ከያዘ አምባሰል ይሰማል። እንዲህ ያለ ኃላፊነት በአንድ ጣት ላይ መውደቁን ሳስብ ለመሣሪያዬ ያለኝ ክብር ይጨምራል። ባቲ ማይነርና ትዝታ ሜጀርም በዚሁ መንገድ የተዛመዱ ናቸው፤ ከሲ የሚነሳው ባቲ ማይነር ድምፆቹን የሚጋራው ከኢ ፍላት ከሚነሳው ትዝታ ሜጀር ጋር ነው።

አንቺ ሆዬ ብቻውን ጊዜ ይፈልጋል። በሌሎቹ ቅኝቶች ከመነሻው ድምፅ ጋር አምስተኛውን (ከሲ ሲነሱ ጂን) እያፈራረቁ መምታት ለቤዝ ተጫዋች አስተማማኝ ነው። ከሲ የሚነሳው አንቺ ሆዬ ግን ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላትና ኤ ስለሆነ ጂ የለበትም፤ እጅ በልማድ ወደዚያ ከሄደ ከመሲንቆው ጂ ፍላት ጋር ይጋጫል። እኔ የምለማመደው መነሻውን ከኦክታቩ (ከዚያው ድምፅ ቀጭን አቻ) ጋር፣ አልፎ አልፎም ከኤፍ ጋር ብቻ እየያዝኩ፣ የቀረውን ለዜማው በመተው ነው። በዚህ ቅኝት ጥቂት ድምፅ መምታት የተሻለ መሆኑን ከልቤ አምናለሁ።

ለጆሮ ልምምድ ወደ ማሪቱ ለገሰ አምባሰል እመለሳለሁ፤ ድምፅዋን ረጅም ጊዜ ይዛ ስትቆይ ማረፊያውን ከሥር በቤዝ መፈለግ ከማንኛውም የስኬል ልምምድ የበለጠ ጠቅሞኛል። ለቤዝ አያያዝ ደግሞ የዋሊያስ ባንዱን መላከ ገብሬንና የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን አዳምጣለሁ። በስድስት ስምንተኛው ችክችካ ላይ የት እንደሚመቱ ብቻ ሳይሆን የት ዝም እንደሚሉም ለመከተል እሞክራለሁ።

ጃም ላይ ዘፈኑ ከየትኛው ድምፅ እንደሚነሳ ማንም አስቀድሞ አይነግርም። መሲንቆ አንድ ክር ብቻ ስላለው መቺው ለዘፋኙ ድምፅ እንደሚመች አድርጎ ያስተካክለዋል፤ ኪቦርድ በሌለበት ምሽት ድምፁ በቤዙ አንገት ላይ ድምፆችን በሚለዩት በሁለት ፍሬቶች መካከል ሊውል ይችላል። በዚያን ጊዜ ማስተካከያዬን አጥፍቼ ክሮቼን ከመሲንቆው ጋር አስማማለሁ። ብዙ ጊዜ አብሬያቸው የተጫወትኩ አንድ ሽማግሌ መሲንቆ መቺ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ድምፁን ሳገኝ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ «እሷን ያዝልኝ ልጄ፣ እኔ ዞሬ እመጣለሁ» ይሉኛል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ርቀው ቢሄዱ ከያዝኩት ድምፅ አልነቃነቅም።

ስለ ዕቃው ብዙ የሚባል የለም፤ ተጨማሪ ገመድ፣ ለቤዙ ባትሪ፣ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ የሚገባበት ማገናኛ ይበቃል። ማጉያዬን ተሸክሜ አልሄድም፤ ትንሽ ስፒከር የቤዝን ድምፅ አይችለውምና። መብራት ሲጠፋ መሲንቆው፣ ከበሮውና ጭብጨባው ይቀጥላሉ፣ የእኔ መሣሪያ ግን ይጠፋል። ያንን ጊዜ እወደዋለሁ፤ ጣቴን ክሩ ላይ አድርጌ ዜማው የት እንደሚያርፍ ያለ ማጉያ እከተላለሁ፣ መብራቱ ሲመለስም ከዚያው ድምፅ ላይ እገባለሁ።

ለሚቀጥለው ምሽት ጋሼን አንድ ነገር ልጠይቃቸው አስቤአለሁ፦ በዝግታ ትዝታ ማይነር ጀምረን፣ እርሳቸው ዜማቸውን ሳያቋርጡ እኔ ከኤፍ ወደ ሲ ልውረድና ወደ አምባሰል እንሻገር። ኪቦርድ ተጫዋቹም በዚያ መሻገሪያ ላይ ኮርድ ሳይጨምር እንዲጠብቀን ከአሁኑ ነግሬዋለሁ።