ጦሳ ላይ ቀልብን መሰብሰብ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በምሽት ስላለፍኩት ምንም አላየሁም። ያረፍኩበት ሆቴል ብርድ ልብሱ ስስ፣ መስኮቱ የማይገጥም ነበር። ተጨማሪ ብጠይቅ «አልቋል» አሉኝ። 900 ብር ከፍሎ ጃኬት ለብሶ ማደር ያናድዳል።

ከደሴ በላይ ወዳለው የጦሳ ተራራ የወሰደችኝ እዚያው ደሴ ተወልዳ ያደገችና አሁን ኖርዌይ የምትኖር ነርስ ጓደኛዬ ናት። እዚያ በብርዱ ወራት ሜዳና ጫካ እያቋረጡ በበረዶ ላይ መንሸራተትን ተምራለች። ይህ የሐበሻ ስፖርት አይደለም ብዬ ስከራከራት፣ ሮቤል ተክለማርያም እንደ ፈረንጆቹ በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ 15 ኪሎ ሜትር መወዳደሩን ነገረችኝ።

ጦሳን በንጋት ስንጀምር ሣሩ በታኅሣሥ ውርጭ ነጥቷል። ሁለት ሁለት በትር ይዘናል።

«ቀኝ እጅሽ ከግራ እግርሽ ጋር ይሂድ፤ ትንፋሽሽን ብቻ አዳምጪ» አለችኝ።

እኛ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ስንሮጥ ጆሯችን ላይ ሙዚቃ ሰክተን፣ ልባችን የቤት ኪራይ እያሰላ ነው። ጦሳ ይህን አይፈቅድም። ደሴ ራሷ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከዚያ ሽቅብ ሲወጡ ሐሳብ ከሸሸ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ውርጭ የያዘ ድንጋይ ሳያዩ ከረገጡ እግር ይከዳል። በረዶ ላይም እንዲሁ ነው ትላለች፤ ክብደትን ሙሉ በሙሉ በአንድ እግር ላይ ካላሳረፉ መንሸራተት የለም፤ ቀልቡ የተበተነ ሰው ይወድቃል።

ወገቡ ላይ ከብት የሚጠብቁ አባት አገኘን።

«አብሽሩ ልጆቼ፤ ምን አጣደፋችሁ?» ብለው ከጋቢያቸው ሥር የገብስ ቆሎ አውጥተው በመዳፌ ዘገኑልኝ። ገና አልበረደም ነበር። ጣቴ ስለደነዘዘ አንድ አንዱን እየለቀምኩ፣ ፍሬው ጥርሴ ላይ ሲሰበር እየሰማሁ በላሁት። ከጉዞው ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ብር ላወጣ ስል ተቆጡኝ።

ስንወርድ የባጃጁ ሹፌር የታሪፉን እጥፍ ተቀበለን።

በማግስቱ ጓደኛዬ ዘመድ ጥየቃ ስለሄደች ብቻዬን ወጣሁ። ሐሳቤ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ደጋግሞ ሸሸኝ። በሸሸ ቁጥር ቆሜ፣ በትሮቹን አጥብቄ ይዤ፣ ከግራ እግሬ እንደገና እየጀመርኩ ፀሐይ እስክትከር ድረስ ሄድኩ።