የምፈራው በቆሎ

ጂኤምኦ (ዘረመሉ በላቦራቶሪ የተለወጠ ሰብል) ጤና ይጎዳል ወይስ አይጎዳም ሲሉኝ መልሱ ይቸግረኛል፤ ጥያቄው በጅምላ ነውና። የትኛው ሰብል? ምን ተጨምሮበት? ማን መርምሮት? ትናንት ይህንኑ በስልክ ስዘረዝርላት እማዬ «እሱን ተወውና፣ አንተ ለልጆችህ ታበላለህ ወይ?» አለችኝ።

አበላለሁ አልኳት። ምክንያቴን እዚህ ላስፍረው።

እኛ አገር ብዙ የሚወራለት «ቴላ» የተባለው በቆሎ ነው፤ ድርቅ እንዲቋቋም፣ አገዳ ቆርቁር የተባለው ትልም እንዳይጨርሰው ታስቦ የተሠራ። ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ስላለበት ተክሉ ራሱ ትሉን የሚገድል ፕሮቲን ይሠራል። ፕሮቲኑ የትሉ አንጀት ላይ ተጣብቆ ይበሳዋል። የሰው አንጀት ግን የሚጣበቅበት ቦታ የለውም፤ ጨጓራችንም እንደ ሌላው ፕሮቲን ይፈጨዋል። ይኸው ባክቴሪያ ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ሰብል ላይ ሲረጭ ኖሯል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያሳመነኝ ግን አንድ የከሸፈ ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ አኩሪ አተርን ለማሻሻል ከብራዚል ለውዝ ዘረመል ወስደው ጨመሩበት። ለውዙ አለርጂ የሚሆንባቸው ሰዎች ደም ሲመረመር፣ አኩሪ አተሩንም እንደ ለውዙ ቆጥሮት ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ፤ ምርቱም ገበያ ሳይወጣ ቀረ። አደጋ ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ ሲፈተሽ ደግሞ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ብዙ መቶ ጥናቶችን አገላብጠው፣ ገበያ ላይ ያሉት ሰብሎች ከተለመዱት የባሰ ጤና እንደሚጎዱ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። (አንዳንዱ የጂኤምኦ ሰብል ላይ የሚረጨው ፀረ አረም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እሱ ላይ ያለኝ ስጋት አልቀነሰም።)

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ በቆሎ ነው። ሸፈኑን ስንልጠው ጫፉ ላይ ትል የበሳው ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ዙሪያ ነጭና ሮዝ ሻጋታ። ያቺን ቆርጠን እንጥልና የቀረውን ወፍጮ ቤት እንወስዳለን። ሻጋታው የሚያመነጨው ፉሞኒሲን የተባለ መርዝ ግን በዓይን አይታይም፣ በመቀቀልም በቀላሉ አይጠፋም። ሳይደርቅ የተከተተ እህል ላይ የሚመጣው ሌላው የሻጋታ መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ ደግሞ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። እንደ ቴላ ትል እንዳይበሳው የተሠራ በቆሎ ፉሞኒሲኑ ያነሰ እንደሆነ በተለያዩ አገሮች ታይቷል። ጂኤምኦ ካንሰር ያመጣል ሲባል እኔ የሚታወሰኝ ይሄ እርጥብ ጎተራ ነው። ስለ እሱ የሚጮኽ ሰው ግን ብዙም አልሰማሁም፤ ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም። ጂኤምኦን የሚቆጣጠረው የ2001ዱ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ በ2007 ተሻሽሎ ለምርምር በሩ ሰፍቷል፤ ደግ። ከረጢቱ ላይ ግን ምንነቱ ይጻፍበት፤ የምርመራው ውጤትም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ገበሬውና ሸማቹ በሚያነቡት ቋንቋ ይውጣ። እኔ አምኜ ለልጆቼ አበላለሁ፤ ያላመነ ጎረቤቴም ለይቶ የመተው መብት አለው።