ሦስት ወር የበላኝ አረንጓዴ ክዳን

የማስተርስ መመረቂያዬን የሠራሁት ሲሲአር5 በሚባለው ጂን ላይ ነው። ኤችአይቪ ሴል ውስጥ ለመግባት ሴሉ ላይ ያለውን ሲዲ4 የተባለ ፕሮቲን መያዙ ብቻ አይበቃውም፤ አብዛኞቹ ዝርያዎቹ ይህ ጂን የሚያሠራውን የሲሲአር5 ፕሮቲንም እንደ ሁለተኛ መያዣ ይፈልጋሉ። ከጂኑ ላይ 32 ፊደል የጎደለበትን ቅጂ ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ሴሎቹ ላይ ይህ መያዣ የለም፤ ስለዚህ በቀላሉ አይያዝም። ጉዳዩ የታወቀው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። «የበርሊኑ በሽተኛ» የተባለው ቲሞቲ ሬይ ብራውንም ከቫይረሱ የዳነው እንዲህ ካለ ሰው በተሰጠው የደም አመንጪ ሴሎች ንቅለ ተከላ ነው። ይህን አንብቤ ልቤ ተነሣሣ፤ አዲስ አበባ ላይ ልፈልገው አልኩ።

አማካሪዬ «ይኼ የአውሮፓ ሰዎች ነገር ነው፤ እዚህ ምን ልታገኝ?» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም።

ፕሮፖዛሉ ጸደቀ፣ 84 በጎ ፈቃደኞች ደም ሰጡ፣ ዲኤንኤውን በጨው ዘዴ አወጣሁ። እስከዚህ የሚወራ ነገር የለም።

ደም በተቀዳ ቀን ግን ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ቱቦ አልቆ ነበር። ሲስተሯ «አረንጓዴው አለ፣ እሱም ደም እንዳይረጋ ያደርጋል» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሷን አልወቅስም፤ ሥራዋ ደም መቅዳት ነው፤ ቱቦውን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ፒሲአሩን (የጂኑን ቁራጭ በኢንዛይም ማባዛቱን) ሠርቼ፣ ቁራጮቹ በርዝመታቸው የሚለዩበትን ጄል ሳየው ከላደሩ (ከርዝመት መለኪያው) በቀር ምንም የለም። 189 ፊደል ላይ መውጣት የነበረበት ባንድ (መስመር) የለም። መብራት ሲጠፋ ኢንዛይሙ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ቀየርኩ። ሙቀቱን ከፍ ዝቅ አደረግሁ። ፕራይመር (ማባዛቱን የሚያስጀምረውን አጭር ዲኤንኤ) እንደገና አዘዝኩና ስድስት ሳምንት ጠበቅሁ። ንጽሕና የሚለካው ማሽን ደግሞ 1.8፣ ማለትም ንጹሕ ነው፣ እያለ ይሸነግለኛል። በመጨረሻ ቤተ ሙከራው ውስጥ ያረጁት ቴክኒሻን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ቱቦዎቹን አዩና «ክዳናቸው ለምን አረንጓዴ ሆነ?» አሉ። አረንጓዴው ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ነው። ሄፓሪን ከዲኤንኤው ጋር አብሮ ይወጣና ኢንዛይሙን ያፍነዋል። ሦስት ወር!

አሥር እጥፍ ሳቀጥነው 31ዱ ሠሩ። ለቀሩት ደም እንደገና መቅዳት ነበረብኝ፤ ለዚህች የአንድ ገጽ ማሻሻያ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሰባት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ ስልክ እየደወልኩ ሰው ልመና ገባሁ። አንዲት እናት «የፊቱን ሸጣችሁት እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ምን ልመልስ? ከ53ቱ 39ኙ መጡ።

አንዳንድ የዲኤንኤ ማውጫ ኪት መመሪያዎች በሄፓሪን የተቀዳ ደምም ይሆናል ይላሉ። አትመኗቸው። ወይን ጠጁ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ የሆነው) ከሌለ ቀጠሮውን ሰርዛችሁ ወደ ቤት ሂዱ።

ሌላም አለ። መጉደሉ ያለበት ዲኤንኤ በእጄ ሳይኖር ሥራ ጀምሬ ነበር። ሁሉም ናሙና አንድ ዓይነት ባንድ ቢያሳይ፣ ጉድለቱ በእውነት የለም ወይስ ፒሲአሬ ማየት አይችልም? ለጉብኝት የመጡ ሦስት ስዊድናውያንን በፈቃዳቸው የጉንጫቸውን ውስጥ በጥጥ ጠረግሁ። የሦስተኛው 189ም (ሙሉው ቅጂ) 157ም (32 ፊደል የጎደለበት) አወጣ፤ ከላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ባንድ። ተበከለብኝ ብዬ ግማሽ ቀን ተብሰለሰልኩ፤ ለካ ሁለቱ ቅጂዎች እርስ በርስ ሲጣመሩ የሚፈጠር ነው፤ ጄሉ ላይ ስለሚንቀረፈፍ ከላይ ይቀራል። ይህንንም ማንም አልነገረኝም።

የሰባዎቹ ውጤት፦ ሁሉም 189 ብቻ። ፈታኙ «ታዲያ ምን አገኘህ?» አለኝ። «አለመኖሩን» አልኩ፤ እስካሁን በመልሱ እኮራለሁ፤ በርዕሱ ግን አይደለም። አጠገቡ ያለው ሲሲአር2 የተባለ ጂን ለውጥ፣ 64አይ የሚባለው፣ አፍሪካውያን ላይም አለ፤ ከተያዙ በኋላ ወደ ኤድስ የሚደረሰውን ጉዞ ያዘገያል። በዚያው ማሽን፣ በዚያው በጀት ይሠራ ነበር። አማካሪዬ ይህንንም ነግሮኝ ነበር።