ንጉሡ ሁለት ጊዜ የሞተበት መጽሐፍ

የመጀመሪያ መጽሐፌን ያሳተምኩት በራሴ ወጪ ነው። ምናባዊ ልብ ወለድ ነው፤ በተለምዶ ፋንታሲ የምንለው። ያነጋገርኳቸው አሳታሚዎች ታሪኩን አልጠሉትም። «ግን ይሄን ማን ይገዛል?» ነበር መልሳቸው። አርዌ የሚባል ዘንዶ ነግሦ ሕዝብ ሲገብርለት እንደኖረ እየሰማን ባደግንበት አገር፣ ዘንዶና አስማት ያለበት መጽሐፍ አንባቢ ያጣል ብዬ አላመንኩም። አሁንም አላምንም።

ቁጠባዬን አወጣሁ፤ ታላቅ ወንድሜ ጨመረልኝ። ጊዜው ለማሳተም የሚመች አልነበረም። ወረቀት ከውጭ ነው የሚገባው፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ፕሮፎርማ ተቀብሎ ማሰላሰል አይቻልም ነበር። ዛሬ የተነገረህ ዋጋ በሳምንቱ የለም። መሃል ከተማ ካለ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ጋር ተዋዋልኩ። 320 ገጽ፣ 1000 ቅጂ፣ በሙጫ የሚጠረዝ።

ስለ መጽሐፉ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የሆነው ነገር ለምን እንዳንገበገበኝ አይገባም። በዚያ ዓለም ወንዝ ይናገራል፣ ተራራ ሌሊት ቦታ ይቀይራል። የሞተ ሰው ግን አይመለስም። ምንም አስማት አይመልሰውም። ንጉሡ ገጽ 188 ላይ ይገደላል። ልጁ ቀሪውን መጽሐፍ በሙሉ የምትኖረው ይህን እያወቀች ነው። ያቺን ልጅ የጻፍኳት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው።

መጽሐፉ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ የሚሸጡ አንድ ጋሼ ደወሉልኝ።

«ነይማ እስቲ ልጄ። ሁለት ደንበኞቼ በመጽሐፍሽ ሊጣሉ ነው።»

ስደርስ ሁለቱ ልጆች አጠገባቸው ካለው ካፌ ተቀምጠው ይከራከራሉ። የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ናቸው። አንደኛው «ንጉሡ የሞተው አንዴ ነው» ይላል። ሌላው «ሁለቴ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። «ተቀበረ፤ ሕዝቡም አለቀሰ። ከዚያ ግብር ላይ ተቀምጦ ሲበላ እናገኘዋለን። ከዚያ እንደገና ይገደላል። ልጅቷ በሐዘኗ ብዛት መልሳው ነው፤ ዕጣው ግን አልለቀቀውም።» ይህን ሲል ዓይኑ ያበራል። እውነቴን ነው የምለው፣ ትርጓሜው ያምራል። እኔ ግን እንደዚያ አልጻፍኩም።

ሁለቱን መጽሐፎች ጎን ለጎን ገለጥናቸው። በአንደኛው ገጾቹ ተከታትለው ይሄዳሉ። በሌላው ከ176 ቀጥሎ 193 ይላል። እስከ 208 ይሄድና ወደ 177 ይመለሳል። 192 ላይ ሲደርስ 209 ይቀጥላል።

ማተሚያ ቤቱ ሄጄ ሥራ አስኪያጁን አሳየሁት። አገላበጠው። ከዚያ «ፋንታሲ አይደል እንዴ? አንባቢው አስማት ነው ብሎ ያልፈዋል» አለኝ። ሰውየው ሊያናድደኝ ብሎ አልነበረም፤ የምር መስሎት ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ተረት የሚሰማ ሕፃን እንኳ አያቱ ጅቡን ገደል ከከተተችው በኋላ መልሳ ብታመጣው «ሞቷል አላልሽም?» ይላታል። የሚናገር ወንዝ የሚያምን አንባቢ ዝም ብሎ ሁሉን የሚቀበል ሰው አይደለም። የገባሽልኝን ቃል ትጠብቂያለሽ ብሎ ነው አብሮኝ የገባው። በሌላ ልብ ወለድ የተቀበረ ሰው ምሳ ሲበላ ቢገኝ አንባቢው ወዲያው ስህተት ነው ይላል። በዚህ ግን ስህተቱን ራሱ አንባቢው ደክሞ ምክንያት ይፈልግለታል፤ ያ የስድስት ኪሎ ልጅ እንዳደረገው። እንዲህ ያለውን አንባቢ ማታለል ከባድ ኃጢአት ነው የሚመስለኝ።

ነገሩን የፈታችው የጥረዛ ክፍሏ እትዬ ናት። ብዙ ዘመን በዚያ ሥራ የኖረች ሴት ናት። መጽሐፉን አገላብጣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችና «ነይ» ብላ ወደ ረጅሙ ጠረጴዛ ወሰደችኝ።

መጽሐፍ የሚታተመው በፎርም ነው። በኛ ሥራ አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም በኩል ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል። የኔ መጽሐፍ 20 ፎርም ነበር። ፎርሞቹ ጠረጴዛው ላይ በተራ ይከመራሉ፤ ሠራተኞቹ ከየክምሩ አንዳንድ እያነሱ ይደራርባሉ። ጠዋት የተሰበሰበው ልክ ነው። ከምሳ በኋላ አዲስ ክምር ሲወጣ 12ኛውና 13ኛው ቦታ ተቀያየሩ። በፎርሙ ማጠፊያ ላይ የሚታተም ትንሽ ጥቁር ምልክት አለ። ፎርሞቹ በትክክል ሲደረደሩ ምልክቶቹ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ እንደ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ አንዱ ከቦታው ከወጣ ከሩቅ ይታያል። በኔ ሥራ ላይ ማተሚያ ቤቱ ያንን ምልክት አላስገባም ነበር።

«ምልክት ሳይኖር በምን ታውቁታላችሁ?» አልኳት።

«በንባቡ ነዋ። የዚህኛው መጨረሻና የዚያኛው መጀመሪያ ካልገጠመ ይታወቃል። ያንቺ ግን ገጠመብን።»

እውነቷን ነው። ምዕራፎቼ አጫጭር ናቸው፤ እያንዳንዱ ሌላ አገር ላይ ይጀምራል። በአጋጣሚ 12ኛው፣ 13ኛውና 14ኛው ፎርም የሚከፈቱት በአዲስ ምዕራፍ ነው። ለሠራተኞቹ ምንም የተቆረጠ ዐረፍተ ነገር አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ አሁንም ያመነታ ነበር። እትዬ ግን «ከኛ ጠረጴዛ የወጣ ነው» አለችው። ሌላ አልጨመረችም። እሱም ተቀበለ። በክር የተሰፋ ቢሆን ተፈትቶ ይሰፋ ነበር፤ የሙጫ ሲሆን ግን ጀርባውን መቁረጥ ግድ ነው። የተበላሹትን ሽፋናቸውን አንስተው፣ ሙጫ የነካውን ጠርዝ በመቁረጫ ማሽን ላጩት፤ ፎርሞቹንም አስተካክለው እንደገና ጠረዙ። ሽፋኑ በማተሚያ ቤቱ ወጪ እንደ አዲስ ታተመ። ደግነቱ የውስጥ ህዳጉ ሰፊ ስለነበር ፊደል አልተቆረጠም። መጽሐፉ ብቻ ከወንድሞቹ ትንሽ ጠበብ አለ።

የተሸጡትን መመለስ የበለጠ ያስጨንቀኝ ነበር። ጋሼ ረዱኝ። የሚያውቋቸውን አዟሪዎች ሁሉ ጠርተው ገጽ 177ን እንዲያዩና የተበላሸውን እንዲቀይሩ ነገሯቸው። አብዛኛው ሰው በደስታ ቀየረ። ያ ተማሪ ግን «አልቀይርም» አለ። ትክክለኛውን በነፃ ሰጠሁት፤ የተበላሸውም እሱ ጋ ቀረ። በኋላ ደወለልኝ። «አሁን ነው ልጅቷ ለምን እንደዚያ እንደሆነች የገባኝ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «በመጀመሪያው ግን ተስፋ ነበረኝ» አለ። ምን እንደምመልስለት አላወቅኩም። እኔም እኮ ስጽፈው ተስፋ ነበረኝ።

ለሁለተኛው ክፍል ውሉ ላይ ሁለት ነገር አስገብቻለሁ። የጥረዛ ምልክቱ በየፎርሙ ይታተማል። ሙጫ ከመነካቱ በፊት፣ ከየዙሩ የተሰበሰበ አንድ ያልተጠረዘ ቅጂ እኔ ገጽ በገጽ አይቼ እፈርማለሁ፤ የጠዋቱንም የከሰዓቱንም። በእኔ በኩል ደግሞ በየገጹ አናት ላይ የምዕራፉ ቁጥር እንዲኖር አድርጌያለሁ። ማን ሞተ፣ የት ሞተ፣ ማን አየ የሚል ደብተር ለብቻው ይዤ ለአራሚዬ ሰጥቻታለሁ። ገጸ ባሕርይ አዋቂ ስለሆነ ብቻ የማይቻለውን እንዳያደርግ በዚያ ደብተር ታመሳክራለች።

ጽሑፉ አሁን እሷ እጅ ነው። 24 ፎርም ይሆናል። እትዬንም አነጋግሬያታለሁ፤ ጥረዛው በእሷ ፈረቃ ይሆናል።