ቻርሊ ፕራይድን ያስተዋወቁኝ ሽማግሌ

ቻርሊ ፕራይድ «ቻርሊ» የሆነው በጽሕፈት ስህተት ነው። አባቱ ያወጡለት ስም «ቻርል» ነበር፤ የልደት ወረቀቱን የሞላው ሰው ተሳሳተና በዚያው ጸደቀ። ልደታችን ሁሉ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ለተመዘገበልን፣ የአያታችን ስም የቤተሰብ መጠሪያ ለሆነብን ስደተኞች ይህ ብዙም አይገርመንም። የሚገርመው እኔ ይህን ጥቁር የካንትሪ ዘፋኝ ያወቅሁት ከአንድ ነጭ ሽማግሌ መሆኑ ነው።

ዳላስ ውስጥ ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። ሽማግሌው የኦክላሆማ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ ጨርሰዋል። ጠዋት መድኃኒታቸውን እንደዋጡ ሸክላ እንዳጫውትላቸው ያዝዙኛል። የአሜሪካ ነጮች ዘፈን ተብሎ የሚታየው የካንትሪ ሙዚቃ ለእኔም እንግዳ አልነበረም። አዲስ አበባ ቤታችን የኬኒ ሮጀርስና የዶሊ ፓርተን ካሴቶች ነበሩ፤ ታላቅ ወንድሜ ግጥሙ ሳይገባው ከዳር እስከ ዳር ያንጎራጉራቸው ነበር። ጥላው የሄደች ሴት፣ የራቀ የገጠር ቤት፣ የማይመለስ ጊዜ፦ በትዝታ ያደገ ጆሮ ይህን ለመቀበል ብዙ አይቸገርም።

አንድ ጠዋት የሸክላውን ሽፋን ሳገላብጥ ጊታር የያዘ ጥቁር ሰው አየሁ። «ይህ ደግሞ ማን ነው?» አልኳቸው። ሳቁ። «እኔም እንዳንቺ ነው የደነገጥኩት» አሉኝ። መንገድ ላይ በመኪናው ሬዲዮ ድምፁን ለምደውት፣ ወድደውትም ነበር፤ መልኩን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ አልነበረም። አርሲኤ የተባለው የሙዚቃ ድርጅት የመጀመሪያ ዘፈኑን በ1966 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ለሬዲዮ ጣቢያዎች ሲልክ እንደ ልማዱ ፎቶግራፍ አላያያዘም። ድምፁ ቀድሞ ይግባ፣ መልኩ በኋላ ይደርሳል የተባለ ይመስላል። የእኛ ነገር ተቃራኒው ነው፤ መልካችንን ዝም ብለው የሚያልፉ ሰዎች አፋችንን ስንከፍት ነው ከየት እንደመጣን የሚጠይቁት።

የተወለደው በ1934 በሚሲሲፒ ስሌጅ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የሰው መሬት በእኩል ከሚያርሱ ወላጆች ነው። አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ፤ ሥራቸው ጥጥ ለቀማ። አባቱ በሬዲዮ ከናሽቪል የሚተላለፈውን ዝነኛ የካንትሪ መድረክ፣ ግራንድ ኦል ኦፕሪን፣ ይከታተሉ ስለነበር ልጁ በጥቁር ሠራተኞች መንደር የነጮቹን ዘፈን እየሰማ አደገ። ሕልሙ ግን ቤዝቦል ነበር። በጥቁሮች ሊግ ሲጫወት አንድ ክለብ እሱንና ሌላ ተጫዋች ለሌላ ክለብ አሳልፎ ሰጥቶ በምትካቸው አሮጌ አውቶቡስ ተቀበለ። ይህን ሽማግሌው ሲነግሩኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ሞንታና ሄደ። ቀን በብረታ ብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ይሠራል፣ ለፋብሪካው ቡድን ይጫወታል፤ ከጨዋታ በፊት ለአሥራ አምስት ደቂቃ ሲዘፍን ደግሞ አሥር ዶላር ይጨመርለታል። ሁለት ሦስት ሥራ ደርበን ለምንሠራ ሰዎች ከሕይወት ታሪኩ ሁሉ የሚቀርበን ይህ ዘመን ነው፤ ጋዜጦች ግን በአንድ መስመር ያልፉታል። በ1965 የአርሲኤ ኃላፊ የነበረው ጊታሪስት ቼት አትኪንስ ለድርጅቱ ሲያስፈርመው ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር።

ዲትሮይት ላይ በ1966 የሆነውን ደጋግሜ አስበዋለሁ። አሥር ሺህ ያህል ሰው ስሙ ሲጠራ አጨበጨበ፤ ሰውየው መድረክ ላይ ሲወጣ ጭብጨባው ከሰመ። እሱም ስለ «ቋሚ የፀሐይ ጠለሱ»፣ ፀሐይ ሞቆ እንደጠቆረና እንደማይለቀው አድርጎ፣ ቀለደና አዳራሹ በሳቅ ሲፈታ መዝፈን ጀመረ። እዚህ ከማውቃቸው ወገኖቼ ጋር በዚህ ጉዳይ ተከራክረናል። ራሱን ለነጮች መሳቂያ አደረገ፣ የመብት ትግል በተፋፋመበት ዘመን ዝም አለ የሚሉ አሉ። እኔ አይዋጥልኝም። የሁሉም ዓይን ቆዳው ላይ መሆኑን ያውቃል፤ እነሱ ከሚናገሩት ቀድሞ እሱ ተናገረው፣ ከዚያ በኋላ የቀረው መዝፈን ብቻ ነበር። እኔም አዲስ ታካሚ ቤት ስገባ፣ ስሜን መጥራት አቅቷቸው ከመጨነቃቸው በፊት በራሴ ስም እቀልዳለሁ። ክብሬ አልተነካም፤ ሥራዬም ቶሎ ይጀመራል።

ከ1969 እስከ 1983 ድረስ 29 ዘፈኖቹ በካንትሪ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጡ። በ1971 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ የመድረክ አርቲስት ብሎ ሸለመው። በ1976 ብዙ ዘፋኞች በሰሜን አየርላንድ ግጭት ምክንያት ቤልፋስትን ሲሸሹ እሱ ሄዶ ዘፈነ። በአውቶቡስ የተለወጠው ልጅም በ2010 የእኛው ከተማ ጎረቤት የቤዝቦል ቡድን፣ የቴክሳስ ሬንጀርስ፣ ከባለድርሻዎቹ አንዱ ሆነ።

ግራንድ ኦል ኦፕሪ አባል ያደረገው ግን በ1993 ነው፤ አንደኛ የወጣ ዘፈን ካገኘ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ። ከካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዕድሜ ልክ ሽልማት የተቀበለው በኖቬምበር 2020 ሲሆን፣ በወሩ፣ ዲሴምበር 12፣ በ86 ዓመቱ በኮቪድ ምክንያት እዚሁ ዳላስ ሞተ። አርቲስትን አልጋ ላይ ሲወድቅ የማስታወስ በሽታ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌው በዚህ አይስማሙም። እኛ ትኬት ገዝተን አክብረነዋል፣ የኮሚቴ ሽልማት ምን ይሠራል ይላሉ። በዘፈን ምርጫም አንስማማም። እሳቸው የ1971ዱን ትልቅ ዘፈኑን ያስደጋግሙኛል፤ እኔ የምመርጠው ፎርት ወርዝ ፓንተር አዳራሽ በሕዝብ ፊት የተቀዳውንና በ1969 የወጣውን አልበም ነው። እዚያ ውስጥ የቴክሳስ ሕዝብ ሲያጨበጭብለት ይሰማል።